ያልቆጠረ እረኛ የጠፋችውን አያውቅም

የተፍኪ ምእመናን ሆይ፣ ትምህርታችን ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 መቶ በጎች የነበሩት ሰው አንዷ እንደ ጠፋችበት በምን ዐወቀ? ስለ ቆጠረ ነው። ፍለጋውም፣ ተሸክሞ መመለሱም፣ ደስታውም የመጣው ከቆጠራ በኋላ ነው።

«ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ መቅሠፍት አልመጣምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ተጽፏል። ሙሴ ግን በኦሪት ዘኍልቍ የቆጠረው ታዝዞ ነው። ለትምክሕት መቁጠር ሌላ፣ ለአደራ መቁጠር ሌላ ነው። አዳም በገነት የተሾመው ለጥበቃ እንደ ሆነ አስቡ።

አሁን ወደ ወጨጫ ተራራ ቀና በሉ። በጎኑ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ነብርም ይኖርበታል። በግ በበረት በር ሲያልፍ ይቆጠራል፤ ሌሊት የሚሄደውን ነብር ማን ያሰልፈዋል?

መንገዱ ይህ ነው። በአውሬው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ይታሰራል። የአንዱ ነብር ነጠብጣብ ከሌላው ስለሚለይ ማንነቱ ይታወቃል። በመጀመሪያው ዙር 10 ነብሮች ተነሡ እንበል። በሁለተኛው 8 ተነሡ፤ 4ቱ ቀድመን የምናውቃቸው ናቸው። ከ8ቱ ግማሹን ካወቅን፣ ከደኑም ያወቅነው ግማሹን ነው። ስለዚህ ጠቅላላው ወደ 20 ይጠጋል። ታዲያ ግምቱ የሚታመነው በሁለቱ ዙሮች መካከል ብዙ ነብር ካልገባና ካልወጣ፣ ካሜራውም ደኑን ካዳረሰ ነው።

ሐሰተኛ ቁጥርስ ምን ያመጣል? በህንድ፣ ሳሪስካ በተባለ ጥብቅ ደን፣ ታይገር የሚሉት ባለ ሸንተረር አውሬ በእግሩ ዳና ይቆጠር ነበር። የአንዱ ዳና በአሸዋና በጭቃ ላይ ስለሚለያይ አንዱ ሁለት ሊባል ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. መዝገቡ ከ15 በላይ አሉ ይል ነበር። በ2005 ሲፈተሽ አንድም አልተገኘም፤ አዳኞች ጨርሰዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ወደ ካሜራ ዞረች፤ የ2022 አገር አቀፍ ግምት 3,682 ነው።

እናንተም በበጋ ከሰሜን የሚመጡ ወፎች በረግረጋችን ሲያርፉ «ብዙ ናቸው» ብላችሁ አትለፉ። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ እንኳ ጊዜዋን እንደምታውቅ አስተምሯል። አሥር ወፍ ቁጠሩ፤ አሥሩ የያዙትን ስፍራ በዐይናችሁ ለክታችሁ በመንጋው ላይ ደርድሩ፤ ቀኑንም ጻፉ። ከርሞ በዚያው ሰሞን ድገሙት። የጎደለ ካለ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ እረኛም ለመፈለግ ትነሣላችሁ።