ጭንቀት የኢማን ጉድለት ነውን?

ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት ያለፈ እናቶችና እህቶች ቡና ላይ ሲሰባሰቡ ደጋግሜ የምሰማው ስሞታ አለ። እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ልብ ያለ ምክንያት ይመታል፤ ደረት ይከብዳል። መልሱም ዘወትር የተዘጋጀ ነው። «ኢማንሽ ደክሞ ነው፣ ሶላትሽን አጥብቂ» ወይም «ጂን ነው፣ ሩቅያ ይደረግልሽ» ይባላሉ። ቁርኣን መቀራቱን የሚቃወም ሙስሊም የለም፤ እኔም አልቃወምም። የምቃወመው ሕመሟን እንደ ወንጀል መቁጠሩን ነው።

ሐዘን የኢማን መጉደል ምልክት ቢሆን ኖሮ፣ ኸዲጃና አቡ ጧሊብ የሞቱበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 619 ገደማ፣ በሲራ «የሐዘን ዓመት» ተብሎ ባልተጠራ ነበር። ያዘኑት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ናቸው። መታከምንም ያዘዙን እርሳቸው ናቸው።

ሊቃውንቶቻችን ነገሩን ከእኛ በተሻለ ለይተውታል። እ.ኤ.አ. በ934 የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ሐዘንን ለሁለት ከፍለውታል። አንዱ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የሞተ ዘመድ ወይም የጠፋ ንብረት ያመጣዋል። ሌላው ምክንያቱ የማይታወቅ፣ ከአካል የሚነሳ ነው። ለዚህኛው የአካል ሕክምና ያስፈልጋል ይላሉ።

የዛሬው ሕክምናም ከዚህ አይርቅም። የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ የሚቋረጠው በ45 እና በ55 ዓመት መካከል ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ሆርሞን ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሌሊት ላብ እንቅልፍ ይነሳል፤ ድብርትም በዚህ ወቅት ይበረታል። ደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መታወክም ድካምና ትካዜ ያመጣሉ፤ እነዚህ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። በዚሁ ዕድሜ እናት አልጋ ላይ ትውላለች፤ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ስልኳ ይጠፋል፤ ባል ሥራ ያጣል። ሸክሙ ሁሉ አንዲት ሴት ላይ ይወድቃል። (ባሎች ሆይ፣ ይህን ስታነቡ ወደ ጓዳ ተመልከቱ።)

«አማኑኤል» የሚለውን የሆስፒታል ስም ስድብ ያደረግን ሰዎች፣ ሕክምና የፈለገች እህት በር ላይ የምትመለሰው በእኛ ምላስ ምክንያት ነው። ትካዜው ከሁለት ሳምንት ከዘለቀ በቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ሞትን የምትመኝ ከሆነ ግን ለነገ አይባልም፤ ብቻዋንም አትተው።

መድኃኒት የጀመረች ረመዷን ሲገባ በራሷ አታቋርጥ፤ በድንገት ማቆም ሕመሙን ይመልሳል። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ በመሆናቸው፣ ወሩ ሳይገባ ሐኪሟን ብታማክር ሰዓቱን ወደ ኢፍጧር ወይም ወደ ሱሑር ሊያዛውርላት ይችላል።