ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እንዴት እናጥና?



በአሜሪካ ከምንኖር ወጣቶች መካከል ሕግ ለመማር የምናስብ አለን። የጥገኝነት ጉዳይ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣ ለወላጆቻችን አንብበን የምናስረዳው እኛው ልጆቻቸው ነን። ስለዚህ ሕግ ተምሮ ወገንን መርዳት አንድ አገልግሎት ነው። ሆኖም በዚህ አገር ሕግ የሚጠናው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው፤ አብዛኛው አመልካችም ኤልሳት የተባለውን የመግቢያ ፈተና ይወስዳል።

ፈተናው መሰጠት የጀመረው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ይደርሳል። እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ የሚፈጁ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ ክርክርን መመዘን፣ አንዱ አንብቦ መረዳት ነው። አራተኛው ነጥብ የማይያዝበት የሙከራ ክፍል ቢሆንም የትኛው እንደ ሆነ ለተፈታኙ አይነገረውም። እንቆቅልሽ መሰል የነበረው ክፍል ከኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ቀረ፣ የቆየ መጽሐፍ የምንዋስ ሁሉ ያንን ምዕራፍ እንለፈው።

ፈተናው የሕግ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የሚለካው ማመዛዘንን ነው። ስለዚህ ሽምደዳ አይረዳንም። ለምሳሌ፦ «መዘምራን ሁሉ ይጾማሉ፤ ያቺ እኅት ትጾማለች፤ እንግዲህ ያቺ እኅት መዘምርት ናት» ቢባል እውነት ይመስላል። ነገር ግን ሳይዘምር የሚጾም ብዙ ምእመን ስላለ ድምዳሜው አይጸናም። ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ስንጥቅ እንድናገኝ የሚጠይቁ ናቸው። «ሁሉ»፣ «አብዛኛው»፣ «አንዳንድ» የሚሉትን ቃላት አለመለየት ብዙ ነጥብ ያስጥላል።

ታዲያ እንዴት እናጥና?

አንደኛ፦ በጥናቱ መጀመሪያ ሰዓት ሳንይዝ እንሥራ። መረዳት ይቅደም፤ ፍጥነት ይከተላል። ለአንድ የክርክር ጥያቄ የሚደርሰን ጊዜ በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ስለ ሆነ፣ በሰዓት መለማመዱ በኋላ የግድ ነው።

ሁለተኛ፦ ከዚህ በፊት በተሰጡ እውነተኛ ፈተናዎች እንለማመድ። ሠርተን እንደ ጨረስን መልሱን ቶሎ አንመልከት። የተጠራጠርንባቸውን ጥያቄዎች ያለ ሰዓት እንደገና ሠርተን፣ ከዚያ እናርም።

ሦስተኛ፦ የስሕተት ደብተር እናዘጋጅ። ለተሳሳትነው ጥያቄ ሁሉ ሦስት ነገር እንጻፍ፦ ለምን ያንን መረጥን? ምርጫችን ለምን ተሳሳተ? ትክክለኛው ለምን ትክክል ሆነ? ሃያ ጥያቄ ሠርቶ እንዲህ የመረመረ፣ መቶ ጥያቄ ሠርቶ ውጤቱን ብቻ ከቆጠረ ይበልጥ ይጠቀማል። ራስን መመርመር ለነፍስ እንደሚጠቅም በቤተ ክርስቲያን ተምረናል፤ ለጥናትም እንዲሁ ነው።

አራተኛ፦ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ በፈተናው ቀን ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። የመመዝገቢያው ገንዘብ የሚከብደን ደግሞ ከመመዝገባችን በፊት ከክፍያ ነጻ ለመሆን እናመልክት፤ ለችግረኛ ተፈታኝ ይህ ዕድል ተሰጥቷል።

በመጨረሻ ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ፈተና ሲቃረብ ከመዝሙርና ከጉባኤ የሚቀር ወጣት ጥቂት አይደለም። ሌሊት ሥራ ለሚያድር ወንድም ሰዓቱ እንደሚያጥረው እናውቃለን። ነገር ግን ጊዜያችንን የሚበላው የእሑዱ ጸሎት ነው ወይስ ሳናርም የምንደራርበው ልምምድ? በየዕለቱ ሁለት ሰዓት በጥሞና ለጥቂት ወራት ያጠና ሰው፣ እሑድን ለእግዚአብሔር ቢሰጥ አይጎድልበትም። ያረፈ አእምሮ ሰኞ ዕለት በተሻለ ያነባል።

ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በባቢሎን የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት እንዲማሩ የተመደበላቸው ሦስት ዓመት ነበር። የባዕድ አገር ትምህርት ተማሩ፤ አምላካቸውን ግን አልተዉም። በንጉሡ ፊት ቀርበው ሲጠየቁም ከሌሎቹ ሁሉ በልጠው ተገኙ። እኛም ትምህርቱን በትጋት እንያዝ፤ አገልግሎቱንም አንልቀቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።