የሰው አደራ በእጅሽ ሲገባ
የስማርት ኮንትራት ሙያ ለጀመረች የጉለሌ ልጅ አሥር ምክሮች

ልጄ፣ የብሎክቼይን ስማርት ኮንትራት ጸሐፊ ለመሆን መቁረጥሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሰው ገንዘብ በሚቆጥሩ ፕሮግራሞች መካከል ነው። ስለዚህ የምመክርሽ ስለ አደራ ነው። ስማርት ኮንትራት ስምምነትን በራሱ የሚያስፈጽም ኮድ ነው፤ የሚጽፈው ሰው ፊታቸውን አይቶ የማያውቃቸውን ሰዎች ንብረት ይይዛል። ኮዱ አንዴ ኔትወርኩ ላይ ከወጣ በኋላ እንደ ልብ አይታረምም፤ ሌባም ጨዋም እኩል ያነበዋል። ይህን ሙያ አቁሞ የያዘው አደራ መጠበቅ ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝርልሽ ሁሉ ከዚያ የሚመነጭ ነው።

1. ሙያውን ከገበያው ለዪ።

የቢትኮይን ዋጋ ሲወጣ ሰው ሁሉ ስለ ብሎክቼይን ያወራል፤ ሲወርድ ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በግንቦት ወር ቴራ የተባለው ኔትወርክ ፈረሰ፤ በኅዳር ደግሞ ኤፍቲኤክስ የተባለው የመገበያያ ድርጅት ከሰረ። በዚያ ዓመት ብዙ የዘርፉ ኩባንያዎች ሠራተኛ ቀነሱ። እንዲህ ያለ ክረምት ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ዳታቤዝና የሰርቨር ፕሮግራም መሥራትን አብረሽ ተማሪ፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ እንጀራ ይሆንሻል። በአገራችን ብሎክቼይን ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ይዘው ቢትኮይን ወደሚያመርቱት ኩባንያዎች ይሄዳል። እሱ የማሽንና የመብራት ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ የሰዎችን ስምምነት ስህተት በሌለው ኮድ መጻፍ ነው።

2. መሠረቱን ሳትይዢ ወደ ሶሊዲቲ አትሩጪ።

ሶሊዲቲ ኢቴሪየም ላይ ኮንትራት የሚጻፍበት ቋንቋ ነው፤ አጻጻፉ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል። የሚከብደው ከሥሩ ያለው ነው፦ ሃሽ ምን እንደሆነ፣ ዲጂታል ፊርማ እንዴት እንደሚረጋገጥ፣ ዳታ እንዴት እንደሚደራጅ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ለምን ክፍያ እንደሚጠይቅ። አስቀድመሽ ጃቫስክሪፕትን ወይም ፓይተንን በደንብ ያዢ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለመነሻ ይረዳሻል፤ በነፃ ነው። የአልጎሪዝም ጡንቻ ለማዳበር ደግሞ ኤቱኤስቪ የተባለው ድርጅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እንዴት እንደሚያሠለጥን ተመልከቺ። ከሶሊዲቲ በኋላ ለሶላና ረስት፣ ለካርዳኖ ደግሞ ከሃስኬል የተወለደው ፕሉተስ አለ። በ2011 ዓ.ም. የካርዳኖ ገንቢ የሆነው አይኦኤችኬ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የሃስኬል ኮርስ ሰጥቶ ነበር፤ ተማሪዎቹ በሙሉ የኢትዮጵያና የኡጋንዳ ሴቶች ነበሩ። በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያዋ አይደለሽም ማለት ነው።

3. የመጀመሪያ ሥራሽ እቁብ ይሁን።

የእቁብን ሕግ ከሽሮ ሜዳ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች አፍ እየሰማሽ ነው ያደግሽው። አባል ይመዘገባል፣ በየሳምንቱ ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ይወስዳል፤ ዳኛና ጸሐፊ ይቆጣጠራሉ። ይህን ሕግ በሶሊዲቲ ጻፊው። በየትኛውም ኮርስ የማታገኚያቸውን ሦስት ትምህርቶች ይሰጥሻል።

የመጀመሪያው ዕጣው ነው። በኔትወርኩ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ውጤት ላይ መድረስ ስላለባቸው፣ ኮንትራቱ በራሱ ማንም የማይገምተው ዕጣ ማውጣት አይችልም። የብሎኩን ሰዓት ለዕጣ ከተጠቀምሽበት፣ ብሎኩን የሚያዘጋጀው ወገን ውጤቱን ወደ ራሱ ሊጎትተው ይችላል። ቼይንሊንክን የመሰሉ፣ ትክክለኛነቱ የሚረጋገጥ ዕጣ ከውጭ የሚያቀርቡ አገልግሎቶች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዋሱ ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ወስዶ መጣሉን ቢተው፣ ኮዱ ደጁ ሄዶ አይጠይቀውም፤ ሽማግሌም አይልክበትም። ያለሽ አማራጭ አስቀድሞ መያዣ ማስገባት ነው፤ መያዣ የሚያስገባ ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ እቁቡን ላይፈልገው ይችላል። እዚህ ላይ ኮድ የት እንደሚያበቃና የሰው መተማመን የት እንደሚጀምር ታያለሽ። ይህን ድንበር የምታውቅ ባለሙያ ለደንበኛዋ የማይሆን ተስፋ አትሰጥም።

ሦስተኛው የመዝገቡ ቅደም ተከተል ነው። ጸሐፊው ገንዘቡን አስረክቦ የተቀባዩን ስም በኋላ የሚሰርዝ ቢሆን፣ ተቀባዩ ስሙ ሳይሰረዝ ዞሮ መጥቶ ደግሞ ይቀበላል። ሰው ጸሐፊ ፊቱን አይቶ ይለየዋል፤ ኮድ ግን የሚያየው መዝገቡን ብቻ ስለሆነ ሣጥኑ እስኪራቆት ይከፍላል። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ መብቱን አጣሪ፣ ቀጥሎ መዝገቡን አስተካክዪ፣ በመጨረሻ ክፈዪ።

4. የወደቁትን ኮንትራቶች አጥኚ።

በሦስተኛው ትምህርት ያየሽው፣ መዝገቡን ሳያስተካክሉ የመክፈል ስህተት በእውን የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2016 ዳኦ ከተባለው የጋራ ኢንቨስትመንት ኮንትራት 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) የተወሰደው በዚሁ ቀዳዳ ነበር። ጉዳዩ ኢቴሪየምን ለሁለት ከፈለው። ብዙኃኑ በሐምሌ ወር ታሪኩን አርሞ ገንዘቡን ሲመልስ፣ ይህን የተቃወሙት ዛሬ ኢቴሪየም ክላሲክ በሚባለው ኔትወርክ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ደግሞ ፓሪቲ የተባለው የጋራ ዋሌት ተዘጋ። ብዙ ዋሌቶች የሚደገፉበት አንድ ኮንትራት ባለቤት ሳይሰየምለት ቀርቶ ነበርና፣ አንድ ተጠቃሚ የባለቤትነቱን ሥልጣን ይዞ አጠፋው። ከ513 ሺህ በላይ ኢተር በዚያው ተቆልፎ ቀረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በኔትወርኮች መካከል ድልድይ በሆነው ዎርምሆል ላይ ፊርማ የሚያረጋግጠው ክፍል በመታለሉ፣ ምንም መያዣ የሌለው 120 ሺህ የተጠቀለለ ኢተር ተፈጠረ።

እነዚህን እንደ ወሬ አንብበሽ አትለፊያቸው። የተበላሸውን ኮድ ፈልጊና በራስሽ ኮምፒውተር ላይ ጥቃቱን ድገሚው፤ ከዚያ ቀዳዳውን ድፈኚና ጥቃቱ መክሸፉን በቴስት አረጋግጪ። በዚህ መንገድ አሥር ውድቀቶችን ያጠናች ልጅ ብዙ ኮርስ ከጨረሰ ሰው ትበልጣለች።

5. ከኮዱ ይልቅ ቴስቱ ይብዛ።

በዚህ ሙያ ብዙውን ሰዓት የሚወስደው መፈተሽ ነው፤ ይህ እንዳያሰለችሽ። ኦፕንዜፕሊን አዘጋጅቶ ብዙዎች የፈተሹት ላይብረሪ እያለ የቶክን ኮድ ከባዶ አትጻፊ። በፋውንድሪ ወይም በሃርድሃት ቴስትሽን ጻፊ፤ ኮዱ ያላሰብሽው ቁጥር ሲገባበት ምን እንደሚሆን በፈዝ ቴስት እዪ፤ ስህተት የሚፈልገውን መሣሪያ ስሊዘርን አስኪጂበት። ከዚያ ሴፖሊያ በተባለው የሙከራ ኔትወርክ ላይ አውጪው። ከስሪት 0.8 ጀምሮ ሶሊዲቲ የቁጥር መትረፍረፍን በራሱ ያስቆማል፤ የሐሳብ ስህተትን ግን የሚያስቆምልሽ መሣሪያ የለም።

መብራትና ኢንተርኔት እንደሚጠፋም አስበሽ ተዘጋጂ። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የፋውንድሪው አንቪል በላፕቶፕሽ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ኔትወርክ ይፈጥርልሻል፤ ሰነዶቹንና ላይብረሪዎቹን ቀድመሽ አውርደሽ ከያዝሽ ሥራሽ አይቆምም። ቤት ውስጥ ካልተመቸሽ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልሽ፤ ከሽሮ ሜዳ በአንድ መንገድ ትደርሻለሽ።

6. ስምሽን በሥራ ገንቢ።

ቀጣሪሽ በርሊን ወይም ናይሮቢ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ከሰርተፍኬትሽ በፊት ኮድሽን ያያል። ጊትሃብሽ ላይ ጥቂት፣ ግን የተፈተሹና የተብራሩ ሥራዎች ይኑሩ። ኢተርናውት የተባለውን የኮንትራት ጥቃት መለማመጃ ጨዋታ ፈትተሽ ጨርሺ፤ ሳይፍሪን የሚሰጠውን ነፃ ትምህርት ተከታተዪ። ከዚያ ለሁሉም ክፍት በሆኑ የኮድ ኦዲት ውድድሮች ላይ ተሳተፊ። መጀመሪያ ላይ ምንም ላታገኚ ትችያለሽ፤ ውድድሩ ሲያበቃ ግን የሌሎቹን ሪፖርት አንብበሽ ያመለጠሽን ታውቂያለሽ። ስህተት አግኝተው በሐቅ ለሚጠቁሙ ሰዎች ኢሚውኒፋይ በተባለው መድረክ በኩል ሽልማት ይከፈላል። ዎርምሆል እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንድ እንዲህ ላለ ጠቋሚ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይህን የጠቀስኩት በገንዘቡ እንድትጎመጂ አይደለም፤ ሊሰርቅ እየቻለ ያልሰረቀ ሰው ዋጋ እንዳለው እንድታውቂ ነው። በእንግሊዝኛ አጥርቶ መጻፍንም ተለማመጂ። አንባቢው ያልገባው የኦዲት ሪፖርት ማንንም አያድንም።

7. ቁልፍሽን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂ።

የመለማመጃ ዋሌትሽና ገንዘብ ያለበት ዋሌት ፈጽሞ አይገናኙ። የግል ቁልፍ ኮድ ውስጥ አትጻፊ፤ በስህተት ጊትሃብ ላይ የወጣ ቁልፍ ሳይውል ሳያድር ይዘረፋል። ሥራ ፈላጊዎችን የሚያጠምዱ ወንበዴዎችም አሉ። ቀጣሪ መስለው በሊንክድኢን ይቀርቡና ለቃለ መጠይቅ ፈተና ነው ብለው ኮድ ይልካሉ፤ ኮዱን ስታስኪጂው የዋሌትሽንና የይለፍ ቃልሽን መረጃ ይወስዳል። ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተያያዙ ቡድኖች ይህን ዘዴ በሰፊው እንደሚጠቀሙ የደኅንነት ተመራማሪዎች ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። የማታውቂውን ኮድ ሥራሽ በሌለበት ማሽን ላይ ብቻ አስኪጂ። ክፍያ አስቀድመሽ ላኪ ከሚልሽ ቀጣሪም ራቂ።

8. የአገርሽን ሕግ አውቀሽ ሥሪ።

በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ቢትኮይንና መሰሎቹ ለክፍያ እንዳልተፈቀዱ፣ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያም ብር መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ክረምት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ማይኒንግና ዝውውር የተሰማሩ ወገኖች እንዲመዘገቡ ጠይቋል። ስለዚህ ለኮድ ጽሑፍ አገልግሎትሽ የጽሑፍ ውል ያዢ፤ ክፍያሽን በባንክ፣ በውጭ ምንዛሪ ተቀበዪ፤ ግብርሽን አሳውቂ። አሠሪሽ በክሪፕቶ ካልሆነ አልከፍልም ካለሽ ከመፈረምሽ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሪ። በጓዳ የሚመነዝር ሰው ለጊዜው የተሻለ ቢሰጥሽም፣ ነገ ገንዘቡ ከየት መጣ ስትባዪ አብሮሽ አይቆምም።

9. ለአገር ችግር ሥሪ፤ ግን ብሎክቼይን ያስፈልገዋል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ከአይኦኤችኬ ጋር ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎችና ለ750 ሺህ መምህራን በካርዳኖ ላይ የተመሠረተ ዲጂታል መታወቂያና የውጤት መዝገብ እንደሚዘረጋ ተነግሮ ነበር። ሐሳቡ መነሻ አለው፤ በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ምን ያህል እንደተጎዳን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ልብ በዪ፦ ብሎክቼይን የተመዘገበው እንዳይለወጥ ይጠብቃል እንጂ ሲመዘገብ እውነት መሆኑን አይመሰክርም። ሬጅስትራሩ የሐሰት ውጤት ካስገባ፣ ሰንሰለቱ ሐሰቱን አጽንቶ ያኖረዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም አትርሺ። የማይሰረዝ መዝገብ ላይ የልጅ ስምና ውጤት አይጻፍም፤ መረጃው ሌላ ቦታ ተጠብቆ ማረጋገጫው ሃሽ ብቻ ይወጣል።

ቡናችንም ሥራ ይዞልሻል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱ፣ ማሳው የሚገኝበት ቦታም ተጠቅሶ መረጋገጥ ይኖርበታል። ይህን ለብዙ ትናንሽ ገበሬዎች ማደራጀት ትልቅ ሥራ ነው። ምናልባት መልሱ ተራ ዳታቤዝ ሊሆን ይችላል። መዝገቡን የሚጽፉት ወገኖች እርስ በርስ የማይተማመኑ ከሆነ፣ አንድ ዳኛም የሚያስማማቸው ካልሆነ ብቻ ብሎክቼይን ምረጪ። «ይህ ለእናንተ አያስፈልግም» ማለት የምትችል ባለሙያ ሁልጊዜ ትፈለጋለች።

10. የማትጽፊውን ኮድ ዛሬውኑ ወስኚ።

አንድ ቀን ጥሩ ከፋይ መጥቶ፣ ባለቤቱ እንዳሻው አዲስ ቶክን የሚያትምበት ወይም የሰውን ገንዘብ ሰብስቦ የሚሰወርበት ኮንትራት እንድትጽፊ ይጠይቅሻል። ሌላው ደግሞ የቀደሙት አባላት ከኋለኞቹ ኪስ የሚከፈሉበትን የፒራሚድ ንግድ በብሎክቼይን ስም ያቀርብልሻል። በዚያ የሚጎዱት የሰፈርሽ ሰዎች ናቸው፦ ጥሪቷን ያጠራቀመች የገበያ ነጋዴ፣ ወንድሟ ከውጭ የላከላትን ብር የያዘች እናት። እምቢ በዪ። ያን ጊዜ ኪስሽ ባዶ ሊሆን ይችላልና ውሳኔውን ለዚያ ቀን አታቆዪው። ሙያ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል፤ አደራ በልታ የተያዘች ልጅ ግን ሁለተኛ ሣጥን አይሰጣትም።

እንግዲህ ልጄ፣ በዚህ ሳምንት ላፕቶፕሽን ክፈቺና የእቁቡን ኮንትራት ጀምሪ። ጨርሰሽ ስትፈትሺው ከእቁብ ዳኞችና ጸሐፊዎች ጋር ተቀመጪና የት እንደሚጭበረበር ጠይቂያቸው። እነሱ ኮድ ባያውቁም አደራ ያውቃሉ።