ኢንተርኔትንና የፋይል መጠባበቂያን በአንድ ራውተር

የቤት ራውተር ቀን ከሌት ሳይጠፋ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ሶፍትዌር አለው። የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለውና ሃርድ ዲስክ ከተሰካበት፣ ኢንተርኔት ከማከፋፈሉ በተጨማሪ የቤተሰቡ ኮምፒውተሮች ፋይላቸውን ያለ ገመድ የሚያኖሩበት ጎተራ ይሆናል። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ሣጥን ካጣመሩት ዕቃዎች በስፋት የታወቀው የአፕል ታይም ካፕሱል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ሲተዋወቅ ባለ 500 ጊጋባይትና ባለ 1 ቴራባይት ሆኖ ቀረበ፤ በ2018 ምርቱ ተቋረጠ። ዛሬ ያንኑ አገልግሎት አንድ ራውተርና አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተጣምረው ይሰጣሉ።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም መጠባበቂያው የሰውን ማስታወስ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ፍላሽ ላይ በእጅ የሚገለበጥ ፋይል ባለቤቱ ያስታወሰ ዕለት ብቻ ይገለበጣል፤ በራውተር በኩል የሚሄደው ግን ኮምፒውተሩ ቤት ገብቶ ዋይ ፋይ ባገኘ ቁጥር በራሱ ይካሄዳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ራውተሩ የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል። በአንዳንድ ራውተሮች ላይ ያለው ቀዳዳ ለፕሪንተር ወይም ለሲም ካርድ ሞደም ብቻ የተሠራ ስለሆነ፣ ዲስክ ማጋራት መቻሉ ከመገዛቱ በፊት ይጣራል። የዲስኩ መጠን መጠባበቂያ ከሚያዝላቸው ፋይሎች ጠቅላላ መጠን ቢያንስ እጥፍ ይሁን፤ የቆዩ ቅጂዎችም ቦታ ይይዛሉና። የኔትወርክ ገመድም ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) እንደ ቅንጦት አይታይም፤ ዲስክ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ቦታ መምረጥ። ራውተሩ ከቤቱ መካከል፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ወፍራም ኮንክሪት፣ ትልቅ መስታወትና የውሃ ታንከር የሬዲዮ ሞገድን ያዳክማሉ። ማይክሮዌቭ ምድጃ ደግሞ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ስለሚሠራ ያንን የዋይ ፋይ ሞገድ ይረብሻል። ዲስኩ እንዳይግል አየር ማግኘት ይኖርበታል፤ በጨርቅ መሸፈን የለበትም።

2. ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር ማገናኘት። ከሞደሙ የሚወጣው ገመድ በራውተሩ የኢንተርኔት መግቢያ ላይ ይሰካል። ሞደሙ ራሱ ዋይ ፋይ የሚያሰራጭ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ሁለት ኔትወርክ ይፈጠራል፤ ከሞደሙ ዋይ ፋይ ጋር የተገናኘ ኮምፒውተርም ከራውተሩ ጀርባ ያለውን ዲስክ አያገኘውም። መፍትሔው ሞደሙን ወደ ብሪጅ (መስመሩን ብቻ ወደሚያስተላልፍበት)፣ አለዚያም ራውተሩን ወደ አክሰስ ፖይንት (የሞደሙን ኔትወርክ ወደሚያራዝምበት) ሁኔታ መቀየር ነው።

3. ራውተሩን ማስተካከልና መቆለፍ። በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ የራውተሩ አድራሻ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ሲሆን ከዕቃው በታች በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ከሁሉ አስቀድሞ ከፋብሪካ የመጣው የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ይለወጣል፣ ሶፍትዌሩም ይታደሳል። ለዋይ ፋዩ ደብሊውፒኤ3 የተባለው የመቆለፊያ ዓይነት፣ እሱ ከሌለ ደብሊውፒኤ2 ይመረጥና ረጅም የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ለእንግዶች የተለየ የዋይ ፋይ ስም ይከፈታል፤ ከዚህ በኋላ ኔትወርኩ የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ የያዘ ስለሆነ የውስጡን የይለፍ ቃል ለመጣ ሁሉ መስጠት አይገባም።

4. ዲስኩን ማዘጋጀት። ራውተሩ የሚያውቀው የፎርማት ዓይነት በመመሪያው ላይ ይታያል። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኤክስፋት ትልልቅ ፋይሎችን ቢይዝም በድንገተኛ የኃይል መቋረጥ ከኤንቲኤፍኤስ ይልቅ ለብልሽት የተጋለጠ ነው። በኔትወርክ በኩል ዲስኩን የሚያነበው ራውተሩ በመሆኑ፣ ፎርማቱ ከራውተሩ ጋር መስማማቱ ከኮምፒውተሩ ጋር ከመስማማቱ ይቀድማል። ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋም መዘንጋት የለበትም።

5. ፎልደር ማጋራት። ዲስኩ ከተሰካ በኋላ በራውተሩ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ፎልደር፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይከፈታል። ለማጋሪያ የሚያገለግለው ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ትውልድ ተመርጦ የመጀመሪያው ይዘጋል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ በመጀመሪያው ትውልድ ላይ በነበረ ክፍተት ነው። ዲስኩን ከውጭ በኢንተርኔት ለማግኘት የሚያስችለው አማራጭም ዝግ ሆኖ ይቆያል።

6. ኮምፒውተሮቹን ማገናኘት። በዊንዶውስ ፋይል ሂስትሪ በተባለው መሣሪያ ውስጥ የኔትወርኩ ፎልደር ይመረጣል፤ ካልተለወጠ በቀር በየሰዓቱ የተቀየሩትን ፋይሎች ይቀዳል። በማክ ታይም ማሽን ይከፈታል፤ ራውተሩ ግን ታይም ማሽንን የሚደግፍ መሆን አለበት። ታይም ማሽን ያለፉትን 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ አድርጎ ይይዛል፤ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን ያጠፋል። ቅጂውን በሚስጥር ቁልፍ የመቆለፍ ምርጫ ሲቀርብ መቀበል ይበጃል፤ ዲስኩ ቢሰረቅ ይዘቱ አይነበብምና።

7. የመጀመሪያውን ቅጂ በገመድ መጨረስ። የመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ፋይል ስለሚያጓጉዝ ከባድ ነው። 200 ጊጋባይት በሰከንድ 5 ሜጋባይት በሚያሳልፍ ዋይ ፋይ ወደ 11 ሰዓት ይፈጅበታል። ኮምፒውተሩ በገመድ ከራውተሩ ጋር ተያይዞ በሰከንድ 40 ሜጋባይት ቢሄድ ግን አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ቀጣዮቹ ዙሮች የተለወጠውን ብቻ ስለሚወስዱ በዋይ ፋይ በደቂቃዎች ያልቃሉ። ላፕቶፑ በመጀመሪያው ዙር እንዳይተኛ ቻርጀር ላይ ይቆያል።

8. ማስመለስን መሞከር። ሳይሞከር የተቀመጠ መጠባበቂያ አስተማማኝ አይደለም። አንድ ፎቶና አንድ ሰነድ ከዲስኩ ወደ ሌላ ፎልደር ተመልሰው በትክክል መከፈታቸው ይታያል። ይህ ሙከራ በየሁለትና ሦስት ወሩ ይደገማል።

ጥንቃቄና ጥገና

ዲስኩን ከመንቀል በፊት በራውተሩ ገጽ ላይ ዲስክን በደህና የማስወጫው ቁልፍ ይጫናል። ዲስኩ ያልተለመደ ድምፅ ካሰማ ወይም ቅጂው ደጋግሞ ከተቋረጠ፣ ፋይሎቹ ገና በኮምፒውተሩ ላይ እያሉ ዲስኩ ይለወጣል።

የጥምረቱ ደካማ ጎን ሁሉም ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር መሆኑ ነው። እሳት፣ ሌባ ወይም በመስመሩ የገባ መብረቅ ኮምፒውተሩንም ራውተሩንም ዲስኩንም በአንድ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስም የተጋራውን ፎልደር ከኮምፒውተሩ አልፎ ሊደርስበት ይችላል። ለዚህም አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ ይሠራል፦ ከእያንዳንዱ ፋይል ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ኮምፒውተሩ አንደኛውን፣ በራውተሩ ላይ ያለው ዲስክ ሁለተኛውን ይይዛል። ሦስተኛው በወር አንድ ጊዜ ተቀድቶ ዘመድ ቤት የሚቀመጥ፣ በሌላው ጊዜ ከማንኛውም ኮምፒውተር ተነቅሎ የሚቆይ ዲስክ ወይም የክላውድ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል።