የኮምፒዩተርን የዲስክ ክፍል ስለ ማስፋት

በየመኝታ ክፍላችንና በየቤታችን ባሉት ኮምፒዩተሮች ላይ ከሚደርሱት ችግሮች መካከል ይህ ያልደረሰበት ተማሪ ብዙ አይመስለኝም። ይኸውም ዲስኩ በጠቅላላው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ፣ «ሲ» የተባለው ክፍል ብቻ ሞልቶ ቀይ መስመር ሲያሳይ ነው። አጠገቡ ያለው «ዲ» ግን ባዶውን ተንጣሎ ይታያል። የኮምፒዩተሩ ባለቤት መጀመሪያ ይገረማል፤ ቀጥሎ ይናደዳል፤ በመጨረሻም ነገሩን ለሚያውቅ ሰው፣ ወይም «ዐውቃለሁ» ለሚል ሰው አሳልፎ ይሰጣል። «ዐውቃለሁ» ከሚሉት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርሁ። በዚህም ምክንያት በቤታችን ላይ ያደረስሁትን ጥፋት በቦታው እገልጻለሁ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። መጀመሪያ የዲስክ ክፍል ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ሁለተኛ ባዶ ቦታ እያለ ጠባቡ ክፍል ለምን በቀላሉ እንደማይሰፋ፣ ሦስተኛም ሥራው በምን ቅደም ተከተል ቢሠራ ሰው ንብረቱን ሳያጠፋ ሊፈጽመው እንደሚችል ለማስረዳት ነው። የምናገረውም በአብዛኞቻችን ዘንድ ስላለው ስለ ዊንዶውስ ነው።

1ኛ፤ ክፍል ማለት ምን ማለት ነው

ዲስክ ሲከፈል በውስጡ ግድግዳ አይሠራበትም፤ አይቆረጥምም። በዲስኩ መነሻ ላይ አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ አለ። በዚህ ሰንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ ክፍል ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ተጽፏል። እንግዲህ ሰንጠረዡ የወሰን መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ሌላ ደግሞ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የራሱ የዕቃ ዝርዝር አለ፤ የትኛው ፋይል በየትኛው ቦታ እንደ ተቀመጠና የትኛው ቦታ ባዶ እንደ ሆነ የሚያመለክተው እርሱ ነው። ክፍልን ማስፋት ማለት ሁለቱንም ማስተካከል ነው፤ የወሰን መዝገቡን ማረምና ለውስጡ ዝርዝር አዲስ ቦታ መጨመሩን ማስታወቅ።

አይቢኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር 10 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ ነበረው። ይህ መጠን ዛሬ በስልካችን ከምናነሣቸው ፎቶግራፎች ሁለት ወይም ሦስት ቢይዝ ነው። ዲስኩን መከፋፈልም በዚያው ዓመት ከወጣው የዶስ ፕሮግራም ጋር መጣ። ዋናው ዲስክ «ሲ» የተባለውም «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉት ፊደሎች ቀድሞ ለተንቀሳቃሾቹ ፍሎፒ ዲስኮች ተሰጥተው ስለ ነበር ነው። ፍሎፒው ጠፍቶ ፊደሉ እስከ ዛሬ ቀርቷል።

አሮጌው ዓይነት ሰንጠረዥ ከ4 በላይ ዋና ክፍሎችን አይመዘግብም፤ በተለመደው አሠራሩም ከ2 ቴራባይት ያለፈ ቦታ ሊጠቀም አይችልም። በአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለው ጂፒቲ የተባለው ሰንጠረዥ ግን በዊንዶውስ እስከ 128 ክፍሎች ይመዘግባል።

2ኛ፤ ባዶ ቦታ ሳለ ለምን አይሰፋም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ፣ ማለት «ዲስክ ማኔጅመንት»፣ አንድን ክፍል የሚያሰፋው ባዶው ቦታ በስተቀኙ፣ ወዲያው ከወሰኑ ቀጥሎ ሲገኝ ብቻ ነው። በመካከል ሌላ ክፍል ካለ አይዘልም።

ነገሩን በመሬት እንመልከተው። ሦስት እርሻዎች በተርታ ቢኖሩና የመጀመሪያው ገበሬ እርሻው ቢጠበው፣ ጎረቤቱም አዝኖለት ከመሬቱ ቆርሶ ሊሰጠው ቢፈቅድ፣ ነገር ግን የሰጠው ከወዲያኛው ጫፍ ቢሆን ምን ይጠቅመዋል? ወደ ተሰጠው መሬት ለመድረስ የጎረቤቱን አዝመራ መርገጥ አለበት። «ዲ»ን አሳንሰን «ሲ»ን ለማስፋት ስንሞክር የሚደርሰው ይኸው ነው። «ሽሪንክ ቮልዩም» የሚለው ትእዛዝ ባዶውን ቦታ የሚያወጣው ከ«ዲ» መጨረሻ ላይ እንጂ ከ«ሲ» ወሰን አጠገብ አይደለም። ስለዚህ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» የሚለው ጽሑፍ ደብዝዞ ይቀራል፤ ቢጫኑትም አይሠራም። ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ወሰኑ ስላልተገናኘ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ከ«ሲ» ቀጥሎ ፊደል የሌለው ትንሽ ክፍል መኖሩ ነው። ይህ ክፍል ዊንዶውስ ሲታመም ለመጠገኛ የሚያገለግል ስለ ሆነ፣ ትንሽ ነው ተብሎ እንደ ዋዛ መሰረዝ አይገባውም።

ሦስተኛው ደግሞ አንዳንድ ፋይሎች ከተቀመጡበት የማይነሡ መሆናቸው ነው። 200 ጊጋባይት ባዶ እያለ ኮምፒዩተሩ «ከ30 በላይ ልቀንስ አልችልም» የሚልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ፋይል በክፍሉ መካከል ተቀምጦ ስለሚገኝ ከእርሱ ወዲህ ወሰኑን ማምጣት አይቻልም።

3ኛ፤ ከማስፋት በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ ራስን መጠየቅ ይገባል፤ በእርግጥ ማስፋት ያስፈልጋልን? «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን ነው። በ«ሴቲንግ» ውስጥ «ስቶሬጅ» የሚለውን ብንከፍት ቦታውን የያዘው ምን እንደ ሆነ ያሳየናል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቴሌግራም ያወረደው ቪዲዮ ወይም ከቀድሞው ዊንዶውስ የተረፈ አሮጌ ፋይል ሆኖ ይገኛል። «ዶክዩመንት» እና «ቪዲዮ» የሚባሉትን ማኅደሮችም ፕሮፐርቲያቸውን ከፍቶ «ሎኬሽን» በሚለው ገጽ ወደ «ዲ» ማዛወር ይቻላል። ወሰን ከማዛወር ዕቃ ማዛወር ይቀላል። ሆኖም «ሲ» ከመነሻው እጅግ ጠባብ ሆኖ ከተከፈለ ዕቃ ማዛወሩ አይበቃም። ለዊንዶውስ 11 ብቻ 64 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ዲስክ ያስፈልጋል ተብሎ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ በ60 ጊጋባይት ክፍል የሚኖር ሰው መቸገሩ የማይቀር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅጅ ማስቀረት ነው። የራሴንም ነገር የምናገረው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር «ሲ» ሞልቶ አስቸገረን። እኔም «ዲ»ን ሰርዤ «ሲ»ን ላሰፋ ተነሣሁ። በ«ዲ» ውስጥ የቤተ ሰቡ ፎቶግራፎችና አያቴ ከማረፋቸው በፊት የነገሩኝን ተረትና የለቅሶ ግጥም የቀረጽሁባቸው 11 ድምፆች ነበሩ። ድምፆቹን ለመመረቂያ ጽሑፌ ያሰባሰብኋቸው ናቸው። በዴስክቶፑ ላይ የሚታዩትን ማኅደሮች ሁሉ መርጬ ወደ ፍላሽ ቀዳሁ። ሥራው በሁለት ሰከንድ አለቀ። ያን ያህል ዕቃ በሁለት ሰከንድ ሊቀዳ እንደማይችል ማሰብ ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን የኮምፒዩተሩን ፍጥነት አደነቅሁ። ከዚያም «ዲ»ን ሰረዝሁ፤ «ሲ»ን አሰፋሁ፤ ትልቅ ፕሮግራምም ጫንሁበት።

የቀዳሁት ማኅደሮቹን አልነበረም፤ ወደ ማኅደሮቹ የሚያመለክቱትን ምልክቶች፣ ማለት «ሾርትከት» የሚባሉትን ነበር። በምልክቱ ጥግ ላይ ያለችውን ቀስት አላስተዋልሁም። ነገሩን ያወቅሁት በአያቴ ተዝካር ዕለት እናቴ «እስቲ የእማማን ድምፅ አንድ ጊዜ አሰሚኝ» ባለችኝ ጊዜ ነው። ፍላሹን ከፈትሁት፤ የሚያመለክተው ወደሌለ ነገር ነበር። እናቴም ፊቴን አይታ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። በኋላ ዲስኩን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቼ በመፈለጊያ ፕሮግራም ከ11ዱ ድምፆች 4ቱን አገኘሁ። የቀሩት አዲሱ ፕሮግራም የተጻፈባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ስለዚህ ቅጅ ተቀዳ የሚባለው ተከፍቶ ሲታይ ብቻ ነው። ከተቻለ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይከፈት፤ መጠኑም ከዋናው ጋር ይመሳከር። የተረጋገጠውም ቅጅ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከኮምፒዩተሩ ይነቀል። ተሰክቶ ከቀረ በዝርዝሩ ውስጥ እንደ ሌላ ዲስክ ስለሚታይ በስሕተት እርሱኑ መሰረዝ ይመጣል።

ደግሞም ዲስኩ በቢትሎከር የተቈለፈ መሆን አለመሆኑ ይታይ። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው ይቈለፋል። ከሆነ 48 አሐዝ ያለውን የመክፈቻ ቍጥር በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። መብራትም ሳይታሰብ ስለሚጠፋ፣ ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቻርጀሩ ይሰካ፤ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ደግሞ ዩፒኤስ ይኑረው።

4ኛ፤ አሠራሩ

የመጀመሪያው መንገድ፣ «ዲ»ን ባዶ አድርጎ እንደ ገና መክፈል ነው። ቀላሉና እኔም የምመርጠው ይህ ነው። ከ«ዲ» ላይ የተጫነ ፕሮግራም ካለ አስቀድሞ ይነቀል። ከዚያ የ«ስታርት»ን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ዲስክ ማኔጅመንት»ን መክፈት ነው። በታች በኩል ክፍሎቹ በተርታ ይታያሉ። «ዲ»ን በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ዴሊት ቮልዩም» ሲባል ቦታው «አንአሎኬትድ» የሚል ጽሑፍና ጥቁር መስመር ይይዛል። መስመሩ አረንጓዴ ከሆነ ግን በአሮጌው ሰንጠረዥ መሠረት በሌላ ክፍል ውስጥ ታቅፎ ነውና አንድ ጊዜ ደግሞ መሰረዝ አለበት። ቀጥሎ በ«ሲ» ላይ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ብሎ የሚጨመረውን መጠን መጻፍ ነው።

መጠኑ የሚጻፈው በሜጋባይት ነው። 1 ጊጋባይት 1024 ሜጋባይት ስለ ሆነ፣ 50 ጊጋባይት ለመጨመር 51200 ተብሎ ይጻፋል። በዚህ አጋጣሚ ልብ ሊባል የሚገባው፣ 500 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛ ዲስክ በዊንዶውስ 465 ሆኖ መታየቱ ሻጩ ስላታለለ አይደለም፤ ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ ግን በ1024 ስለሚቈጥሩ ነው። የተረፈው ቦታ በ«ኒው ሲምፕል ቮልዩም» አዲስ «ዲ» ይሆናል፤ ዕቃውም ከቅጅው ይመለሳል። ይህ ማስፋት በጥቂት ሰከንድ የሚያልቀው መዝገብ ብቻ ስለሚታረም ነው።

ሁለተኛው መንገድ «ዲ»ን ሳይሰርዙ መነሻውን ወደ ቀኝ ማዛወር ነው። «ዲ» ባዶ ሊሆን የማይችል ሲሆን፣ ወይም ያ ትንሹ የመጠገኛ ክፍል በመካከል ሲገባ ይህ ያስፈልጋል። ለዚህ ጂፓርትድ የተባለ ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። እርሱም በፍላሽ ላይ ተጭኖ ኮምፒዩተሩ በዚያው ፍላሽ ይነሣል። ሰው ቆሞ ያለበትን ወለል መንቀል እንደማይችል ሁሉ፣ ዊንዶውስም በሥራ ላይ ሳለ የራሱ ክፍል እንዲህ ሊነካካ አይገባውም። ኮምፒዩተሩ ሲዘጋም «ሺፍት» የሚለውን ቍልፍ ተጭኖ «ሻት ዳውን» ማለት ይገባል፤ አለዚያ ዊንዶውስ በግማሽ እንቅልፍ ላይ ይቀራል። በቢትሎከር የተቈለፈም አስቀድሞ መፈታት አለበት።

በጂፓርትድ «አፕላይ» እስኪባል ድረስ የሚሆን ነገር ስለሌለ አሳብ ለመለወጥ ጊዜ አለ። ከተጫኑት በኋላ ግን መመለስ የለም። የ«ዲ» መነሻ ሲዛወር መዝገቡ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ ይገለበጣል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ 200 ጊጋባይት ማዛወር ሰዓታት ይወስዳል። መብራት ጠፍቶ በመካከል ቢቋረጥ ግማሹ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ቦታ ስለሚቀር ሁሉም ሊጠፋ ይችላል። እንግዲህ «ዘገየ» ብሎ ማጥፋት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ሥራው ተፈጽሞ ዊንዶውስ ሲነሣ ዲስኩን ሊመረምር ይችላልና ሳይደነግጡ እስኪጨርስ መተው ነው።

5ኛ፤ ስሕተት ከደረሰ

ክፍል በስሕተት ቢሰረዝ መዝገቡ እንጂ ዕቃው ወዲያው አይጠፋም። የሚያጠፋው በላዩ የሚጻፈው አዲስ ነገር ነው። ስለዚህ ያን ጊዜውኑ እጅን መሰብሰብ፣ ምንም ሳይጭኑ ኮምፒዩተሩን ማጥፋትና ዲስኩን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ መፈለግ ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ በሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ግን የተሰረዘውን ቦታ ዲስኩ ራሱ ቀድሞ ሊያጸዳው ስለሚችል ተስፋው የመነመነ ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁትን ሁሉ ለቅሜ አልጨረስሁም። አሁን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉት ጓደኞቻችን ሁሉ የአንድ ዓመት ድካማቸው በአንድ ዲስክ ላይ ነው። ክፍላቸው ቢጠብ ያስፉት፤ ሥራው አስቸጋሪ አይደለም። ግን አስቀድመው ቅጃቸውን ይክፈቱትና ይዩት። የሚከፈት ከሆነ ይነቅሉት፤ ከዚያ በኋላ ወሰኑን ያንቀሳቅሱ።