ፍርድ ቤት በሌለበት የፖሊስ ሥራ፦ የአብዬ የሰላም ማስከበር ተሞክሮ

አጭር መግለጫ

ይህ ጽሑፍ በሰላም ማስከበር ተልእኮ ውስጥ የፖሊስን ሚና ከአብዬ ተሞክሮ አንጻር ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው የፖሊስ ሥራ ፍሬ የሚያፈራው ተጠርጣሪውን የሚረከብ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ሲኖር ብቻ ነው የሚል ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሰላም ማስከበር ተልእኮ ፖሊስን ማሰማራት የጀመረው በ1960 በኮንጎ ነው። ለረጅም ጊዜ የተልእኮ ፖሊስ ተግባር በአብዛኛው የአገሬውን ፖሊስ መከታተልና ሪፖርት ማቅረብ ነበር። በ1999 ወደ ኮሶቮና ወደ ምሥራቅ ቲሞር የተላኩት ግን የማሰርና የመመርመር ሥልጣን ተሰጣቸው። ይህም ሊሆን የቻለው ድርጅቱ በሁለቱም ሥፍራ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይዞ ሕግ ማውጣትና ዳኛ መሾም በመቻሉ ነው። በአብዬ እንዲህ ያለ ሥልጣን አልነበረም።

ስምምነቱና አፈጻጸሙ

ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የይገባኛል ጥያቄ የሚያነሡበት የአብዬ ግዛት የንጎክ ዲንካ መኖሪያ፣ የሚሴሪያ አርብቶ አደሮችም በየዓመቱ ከብቶቻቸውን ይዘው የሚያልፉበት ምድር ነው። ሰኔ 20 ቀን 2011 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የጋራ አስተዳደርና የአብዬ ፖሊስ አገልግሎት እንዲቋቋም ወሰነ፤ ከከብት ዝውውር ጋር የተያያዙ ጉዳዮችን የሚከታተል ልዩ ክፍል እንዲኖረውም ደነገገ። የጸጥታው ምክር ቤት በሳምንቱ ባጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 1990 እስከ 4,200 ወታደሮችና 50 ፖሊሶች እንዲሰማሩ ፈቀደ። የወታደሩን ኃይል በአመዛኙ ያዋጣችው ኢትዮጵያ ነበረች። ከፖሊሶቹ ተግባራት ዋነኛው የአብዬ ፖሊስ አገልግሎትን አቅም ማጠናከር ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች ባለመስማማታቸው አገልግሎቱ ሳይቋቋም ቀረ። አማካሪው ደረሰ፤ ተመካሪው ግን አልነበረም። በአንጻሩ በሰሜን በኩል በዲፍራ የሱዳን የነዳጅ ፖሊስ ታጥቆ ቆየ፤ ተግባሩም የነዳጅ ተቋማትን መጠበቅ ነበር።

ክፍተቱን የሞላው አካል

የተልእኮው ፖሊስ በንጎክ ዲንካ መንደሮች የማኅበረሰብ ጥበቃ ኮሚቴዎችን ማሠልጠንና መደገፍ ጀመረ። ኮሚቴዎቹ ይቃኛሉ፣ ተጠርጣሪ ይይዛሉ፣ በማረፊያ ቤት ያቆያሉ፤ ጉዳዩን ለባህላዊ አለቆች ያቀርባሉ። ለከብት ስርቆትና ለጎረቤት ጠብ ይህ ሥርዓት ይጠቅማል። ከባድ ወንጀል ሲፈጸም፣ በተለይም ተጠርጣሪውና ተበዳዩ ከተለያየ ማኅበረሰብ ሲሆኑ ግን አቅሙ ያጥረዋል። የአንድ ወገን አለቃ የሚሰጠውን ብይን ሌላው ወገን እንደ ፍርድ አይቀበለውም።

የ2013ቱ ግድያ ይህንን ክፍተት ያሳያል። በግንቦት ወር የንጎክ ዲንካ የበላይ አለቃ ኩዋል ዴንግ ኩዋል በተልእኮው ታጅበው ሲጓዙ ተገደሉ፤ አብሯቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ሰላም አስከባሪም ወደቀ። አጣሪ ኮሚቴ ቢሰየምም በግዛቱ ውስጥ ገዳዮቹን የሚዳኝ፣ ሁለቱም ወገኖች የተቀበሉት ፍርድ ቤት አልነበረም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ወንጀል የፈጻሚው መሆኑ ይቀርና የጎሣ ዕዳ ይሆናል፤ ደም መላሹም ገዳዩን ሳይሆን የገዳዩን ወገን ይፈልጋል። ስለዚህ ጥፋተኛውን ለይቶ በስሙ ተጠያቂ ማድረግ ራሱ ግጭትን የመከላከል ሥራ ነው።

የቁጥር መፍትሔ ውስንነት

ምክር ቤቱ በ2019 የወታደሩን ጣሪያ ቀንሶ የፖሊሱን ወደ 640 ከፍ አደረገ፤ ሦስት የተደራጁ የፖሊስ ክፍሎችንም ፈቀደ። አቅጣጫው ትክክል ቢሆንም ስምሪቱ በሱዳን የቪዛ ክልከላ ተጓተተ። ፖሊሱ በሙሉ ቁጥሩ ቢገባ እንኳ የያዘውን ተጠርጣሪ ለማን ያስረክባል የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ተሞክሮ ሁለት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የፖሊስ ተልእኮ ሲነደፍ የማረፊያ ቤት አያያዝ፣ የክስና የዳኝነት ሰንሰለት አብሮ መነደፍ አለበት። ሁለተኛ፣ የፖለቲካ ስምምነት በዘገየበት ሥፍራ የጋራ የፖሊስ ሥራ ሁለቱ ማኅበረሰቦች በፈቃዳቸው ከሚገናኙበት ቦታ ቢጀምር ይመረጣል። በአብዬ ይህ ቦታ ዲንካውና ሚሴሪያው የሚገበያዩበት የአምየት ገበያ ነው። እዚያ በጋራ የሚዳኝ አንድ የስርቆት ጉዳይ፣ በአንድ ወገን መንደር ብቻ ከሚደረግ ብዙ ቅኝት ይልቅ መተማመንን ሊገነባ ይችላል።