ክፍል 4፦ ስልክና ኢንተርኔትን ለሰብል ጥበቃ መጠቀም

የትምህርቱ ዓላማ
ከዚህ ትምህርት በኋላ ሠልጣኞች፦
• በአካባቢያቸው ያለው ኔትወርክ ለምን እንደሚያገለግል ይለያሉ፤
• የታመመ ሰብል ፎቶ አንስተው ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይልካሉ፤
• መረጃን አጣርተው ለልማት ቡድናቸው ያደርሳሉ።

1. መግቢያ
የስንዴ ዋግ በነፋስ ይዛመታል፤ ቀናትም አይታገሥም። በ2006 ምርት ዘመን ዲጋሉ የተባለው ዝርያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመትቷል። ብዙ አርሶ አደሮች ይህን ዝርያ የመረጡት ቢጫ ዋግን ይቋቋማል በማለት ነበር። ስለዚህ ዝርያችንን ብናምንም ማሳችንን በየጊዜው ማየትና ምልክት ስናገኝ ቶሎ ማሳወቅ አለብን። ስልክ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው።

2. ኔትወርክ እንዴት ይደርሰናል?
ስልካችን የሚገናኘው በአቅራቢያው ካለ የቴሌ ማማ ጋር ነው። ተራራና ሸለቆ ምልክቱን ስለሚከልሉት በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንዱ ጎጥ ሲያገኝ ሌላው ላያገኝ ይችላል።
• 2ጂ ብቻ ካለ፦ መደወልና አጭር መልእክት መላክ ይቻላል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች የነጻ ስልክ መስመር በተራ ስልክም ይሠራል።
• 3ጂ ወይም 4ጂ ካለ፦ ፎቶና ቪዲዮ መላክ ይቻላል።
• ጨርሶ ከሌለ፦ ፎቶውን ማሳ ላይ አንሥተው ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ይላኩ። ቦታውንም ለቡድንዎ አባላት ያሳዩ።

3. ፎቶ አነሣስ
ሀ. መጀመሪያ ማሳውን በሙሉ፣ ቀጥሎ አንድ ተክል፣ በመጨረሻ ቅጠሉን ወይም ግንዱን ቀረብ ብለው ያንሱ።
ለ. ቅጠሉን በጣትዎ ይሹት። በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ጣትዎን ካቀለመ ቢጫ ዋግን ይጠርጥሩ። በግንዱ ላይ ቀይ ቡናማ ዱቄት ካለ የግንድ ዋግን ይጠርጥሩ።
ሐ. ከፎቶው ጋር የዝርያውን ስም፣ የተዘራበትን ቀንና ጎጡን ይጻፉ።
መ. ከላኩ በኋላ ደውለው መድረሱን ያረጋግጡ።

4. መረጃን ማጣራት
በቴሌግራም የሚመጣ ምክር ሁሉ ለእርስዎ ማሳ አይሆንም። አረም ማጥፊያ ዋግን አያድንም፤ ያለቦታው ከተረጨ ግን ስንዴውን ሊያቃጥል ይችላል። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የመርጫ ጊዜ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሳያረጋግጡ አይግዙ፤ ለጎረቤትም አያስተላልፉ። ሞዴል አርሶ አደር ሲሳሳት ተከታዮቹም አብረው ይሳሳታሉ።

5. ወጪን መቀነስ
ዳታን በብዛት የሚጨርሰው ቪዲዮ ነው። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ የቴሌግራሙን ማስተካከያ ይዝጉ። በቡድኑ ውስጥ አንድ ዘመናዊ ስልክ ቢኖርም ይበቃል፤ ዋናው ነገር የስልኩ ባለቤት ለሌሎቹ ማሳ ፎቶ ማንሣቱ፣ ቡድኑም የፓኬጁን ወጪ መጋራቱ ነው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርዎን ግን ስልኩን ለሚያግዝዎት ሰው እንኳ አይንገሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በቀበሌያችን ኔትወርክ የማይደርስባቸው ጎጦች የትኞቹ ናቸው? እዚያ ያለ አርሶ አደር ዋግ ቢያይ መልእክቱን ማን ያደርስለታል?
2. ያልተጣራ ምክር ተከትለን የተጎዳንበት ጊዜ አለ? ምን ተማርን?

የተግባር ሥራ
እያንዳንዱ ሠልጣኝ በዚህ ሳምንት የራሱንና የአንድ ጎረቤቱን ማሳ አይቶ ከላይ በተገለጸው መንገድ ፎቶ ይላክ። ኔትወርክ የሌላቸውን ጎጦችና የአባወራና እማወራዎችን ብዛት በጋራ መዝግባችሁ ለቀበሌ አስተዳደሩ አቅርቡ። ማማ እንዲተከል ሲጠየቅ በቁጥር የተደገፈ ጥያቄ ክብደት ይኖረዋል።